የኒኮቲን ማስቲካና እኔ፦ ስቅታው፣ ቃሩ፣ የመንገጭላው ሕመም

የመጀመሪያዋን የኒኮቲን ማስቲካ አፌ ውስጥ የጨመርኳት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነው። ሲጋራ ለማቆም ስል ነበር፤ ማስቲካው ሱስ የሚያስይዘውን የትንባሆ ንጥረ ነገር፣ ኒኮቲንን፣ ያለ ጭስ ይሰጣል። 17 ዓመት አጭሻለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በቀን አንድ ፓኮ አይበቃኝም ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት የተረፉኝን ሲጋራዎች ሰባብሬ፣ ውሃ አፍስሼባቸው፣ መተርኮሻውንም ጥዬ ነው ከቤት የወጣሁት። ረፋዱ ላይ አምሮቱ ሲነሳብኝ ታዲያ ማስቲካዋን እንደ ማንኛውም ማስቲካ ቶሎ ቶሎ አኘክኋት፤ ምራቄንም እየዋጥኩ።

ጉሮሮዬ በርበሬ የገባበት ያህል ተቃጠለ። ወዲያው ስቅታ ያዘኝ፤ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ። ከዚያ ሆዴ ተገለባበጠ፣ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፣ አፌ ምራቅ በምራቅ ሆነ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁና መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ለራሴ ያልኩት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፦ «ሲጋራ በ17 ዓመት ያላደረገኝን ይቺ በአምስት ደቂቃ አደረገችኝ።»

በማግስቱም ሞከርኩ፤ ያው ነው። በአራተኛው ቀን ፓኬቱን ከነማስቲካው ወረወርኩት፤ በአምስተኛው ቀን ሲጋራ ገዛሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ማስቲካው ለእኔ ሰውነት አይስማማም» እል ነበር። እንዲህ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ። ስምንት ወር ሙሉ ያጨስኩት ማስቲካ ማኘክ ባለማወቄ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ለሁለተኛ ጊዜ ያነሳሳኝን ምክንያት እዚህ አልዘረዝርም፤ ሲጋራ የሚያቆም ሰው ሁሉ የራሱ ምክንያት አለው። ዋናው ነገር በዚህኛው ዙር ፋርማሲ ስገባ አፌን ከፍቼ መናገሬ ነው። «ከዚህ በፊት ወስጄው አሞኛል» አልኳት ፋርማሲስቷን። በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት።

«የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚያጨሱት መቼ ነው?» አለችኝ።

«ዓይኔን እንደገለጥኩ።»

«ማስቲካውንስ እንዴት ነበር የሚያኝኩት?»

መንገጭላዬን እያንቀሳቀስኩ አሳየኋት። ሳቋ አመለጣት። «እርስዎማ እየበሉት ነበር!» አለች።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ነው ለእናንተ የማስተላልፈው። ማስቲካው ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊግራም ሆኖ ነው የሚመጣው። ከእንቅልፉ በተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ባለ 4ቱ ይታዘዝለታል፤ ከዚያ ዘግይቶ የሚያጨስ ባለ 2ቱ ይበቃዋል። እኔም የገዛሁት ባለ 4ቱን ነበርና መጠኑን አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት የማኘኩን መንገድ ነው። ማስቲካው በዝግታ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይታኘካል፤ የሚፈጀው ጣዕም ሲመጣ ወይም ድድን ነዘር ነዘር ሲያደርግ ቀጥ ማለት ነው። ያኔ ጉንጭና ድድ መካከል ወሸቅ አድርጎ መተው። ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና ጥቂት ማኘክ፣ ቦታ ቀይሮ መወሸቅ። አንዷ ማስቲካ በዚህ አኳኋን ግማሽ ሰዓት ያህል ትቆያለች።

ለምን? ኒኮቲኑ ደም ውስጥ የሚገባው በአፍ ውስጠኛው ስስ ቆዳ በኩል ነው። ከምራቅ ጋር ሲዋጥ ግን ጉሮሮንና ጨጓራን ይቆጣል፤ ከአንጀት የተመጠጠውንም ጉበት አብዛኛውን ይሰባብረዋል። ቸኩሎ የሚያኝክ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ሆዱ ይቃጠላል፣ አምሮቱም አይበርድለትም። እኔን በስብሰባው ቀን ያገኘኝ በትክክል ይኸው ነበር።

ይህን ነገር የፈለሰፈው ስዊድናዊው ኡቬ ፈርኖ ነው። መነሻው ደግሞ ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሆነው ማጨስ የማይችሉ መርከበኞች ትንባሆውን በአፋቸው ይዘው አምሮታቸውን እንደሚያስታግሱ መታየቱ ሐሳቡን ሰጠው ይባላል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። «አፍ ውስጥ ይዞ መቆየት» የሚለው ነገር ከጥንስሱ ያለ ነዋ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ማስቲካውን እንደ እሳት ማጥፊያ ማየቴ ነው። አምሮቱ ሲያንቀኝ ብቻ ነበር የማነሳው። የተሳበ ሲጋራ ኒኮቲኑን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ያደርሳል፤ የማስቲካው ግን ደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። አምሮቱ ከያዘህ በኋላ ብታነሳው፣ እሱ እስኪደርስ አንተ በንዴት ሁለተኛውን ታክላለህ፤ ሁለቱ ተደራርበው ሲመጡ ማቅለሽለሽና ማዞር ነው። መመሪያው የሚለው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድና ሁለት ሰዓቱ አንድ፣ በቀን ቢያንስ 9፣ ግን ከ24 ሳያልፍ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ በቀን ሦስት ብቻ ነበር የምወስደው፤ ራሴን የምቀጣ ይመስል። በሁለተኛው ዙር ስልኬን በየሰዓት ተኩሉ እንዲጮህ አደረግኩት። እውነት ለመናገር ይህች ትንሽ ነገር ከብዙ ቆራጥነት ይልቅ ጠቀመችኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖም የጎንዮሽ ችግሩ አልጠፋም። ስቅታው በመጀመሪያው ሳምንት እየመጣ ይሄድ ነበር፤ በተለይ ስልክ እያወራሁ ወይም መኪና እየነዳሁ ረስቼ ማኘክ ስቀጥል። ሲይዘኝ ማስቲካዋን አውጥቼ ውሃ ጎንጨት እላለሁ፤ ሲያልፍ እመልሳታለሁ። አንዷን ተፍቶ ወዲያው ሌላዋን መጨመርም ስቅታና ቃር እንደሚያመጣ በራሴ አይቻለሁ። ቃሩ ይበልጥ የሚያሠቃየኝ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ሳኝክ ነበር። ቀና ብዬ መቀመጥ ስጀምር ቀነሰልኝ። የጨጓራ ቁስለት ያለባችሁ ግን በእኔ ዘዴ አትሞክሩት፤ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ። በቅርቡ የልብ ድካም የደረሰበት፣ የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ።

መንገጭላዬ በሁለተኛው ሳምንት አመመኝ። ጠዋት አፌን ስከፍት ጆሮዬ ሥር ቀጭ ይል ነበር። ጥፋቱ ግልጽ ነው፤ ወሽቄ መተው ሲገባኝ ሥራ ሲበዛብኝ ሳላስበው አኝካለሁ። መወሸቁ ኒኮቲን የሚገባበት መንገድ ብቻ ሳይሆን የመንገጭላም ዕረፍት ነው። የመንገጭላ መጋጠሚያ ሕመም ቀድሞ ያለበት ሰው ማስቲካውን ትቶ የሚመጠጠውን የኒኮቲን ክኒን ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፕላስተር ቢጠይቅ ይሻለዋል። ተለጣፊውንና ማስቲካውን አንድ ላይ የሚያዙ ሐኪሞችም አሉ፤ ተለጣፊው ቀኑን ሙሉ ይይዝልሃል፣ ማስቲካው ድንገተኛውን አምሮት ይመታልሃል። ሁለቱን ማጣመር ከአንዱ ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳለው የታወቀ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ መንገጭላዬን ባላደከምኩት።

አፌም ቆስሎ ነበር። ከንፈሬ ውስጥና ምላሴ ጠርዝ ላይ ነጫጭ ቁስሎች ወጡ። «ማስቲካው አቃጠለኝ» ብዬ ልተወው ስል የጥርስ ሐኪሜ አስቆመኝ። ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ማስቲካ ቢያኝኩም ባያኝኩም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፋቸው እንደሚቆስል ነገረኝ። በእርግጥ እኔም ሁልጊዜ በግራ በኩል ብቻ እወሽቅ ስለነበር ያ ጎን ይበልጥ ተቆጥቶ ነበር። ቀኝና ግራ እያፈራረቅኩ በሁለት ሳምንት ዳነልኝ። የድሮ የጥርስ ሙሌቴን ግን ማስቲካው ነቅሎ ይዞት ወጣ፤ ሙሌት ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላችሁ ይጣበቃልና አስቡበት።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ እኔን ሊጥለኝ የነበረው እሱ ነውና።

ለ17 ዓመት ቡና ያለ ሲጋራ ጠጥቼ አላውቅም። ሲጋራው ሲቀር በቦታው ማስቲካውን አስገባሁ፤ ቡና ፉት፣ ማስቲካ ወሸቅ። ግን ምንም አይሰማኝም። ሁለተኛ እጨምራለሁ፤ አሁንም ምንም። በኋላ እንደገባኝ ኒኮቲን በአፍ በኩል በደንብ የሚገባው አፍ ውስጥ አሲድ ሲቀንስ ነው። ማስቲካው ውስጥ ለዚሁ ተብሎ አሲድን የሚቀንስ ነገር ተጨምሮበታል። ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከማስቲካው በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎችና በማኘኩ ሰዓት እነዚህን አለመጠጣት ነው። እኔ ያባከንኳቸውን ማስቲካዎች ብቆጥር አንድ ፓኬት ሳይሞሉ አይቀሩም።

የቡናው ጣጣ ግን በዚህ አላበቃም። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ልቤ ይመታ ጀመር። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለም፣ ጣራ ላይ አፍጥጬ አነጋለሁ። ማንን እንደወነጀልኩ መናገር አያስፈልገኝም። ሐኪም ሳላማክር በቀን ከ12 ወደ 4 ማስቲካ ወረድኩ። ልቤ መምታቱን አልተወም፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ባለቤቴ በር ጮክ አድርጋ ዘጋች ብዬ ጮህኩባት፤ የተዘጋው የጎረቤት በር ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ጓደኛዬ ሲጋራ ተቀብዬ አጨስኩ።

አንድ ብቻ ናት። ግን ያን ምሽት ሁሉም ነገር ያከተመ መሰለኝ። ባለቤቴ ናት ያተረፈችኝ። «ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ እስከዚያ ማስቲካህን አኝክ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሐኪሙ ስለ ማስቲካው እንዲጠይቀኝ ነበር የጠበቅኩት። እሱ የጠየቀኝ «በቀን ስንት ቡና ትጠጣለህ?» ብሎ ነው። ስድስት አልኩት። ልቤን በመሣሪያ መረመረና ከዚያ አስረዳኝ። የሲጋራ ጭስ፣ ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ፣ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲሰባብር ያደርጋል። ጭሱ ሲቆም ጉበት ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ካፌይኑ ደም ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ድሮ ስድስት ስኒ የነበረው አሁን ሰውነቴን የሚመታው እንደ ብዙ ስኒ ነበር። በዚያ ላይ ኒኮቲኑም የልብ ምት ይጨምራል። ቡናዬን በግማሽ ቀነስኩ፣ ከቀትር በኋላ መጠጣት ተውኩ፣ ማስቲካውን ወደ 12 መለስኩት። በሦስተኛው ሌሊት ተኛሁ።

በነገራችን ላይ የጭሱ ነገር ካፌይንን ብቻ አይነካም። የአስም መድኃኒቱን ቴዎፊሊን፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶቹን ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድም ማቆሙን ለሐኪሙ ቀድሞ ይንገር። ደግሞ አደራ፣ የእኔ ልብ የመታችው በቡና ነው ብላችሁ የእናንተንም በቡና አታመካኙ። ደረት ላይ ሕመም ካለ፣ ምቱ ከተዘበራረቀ ወይም ራስን ሊያስት ከደረሰ በቀጥታ ሕክምና ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አወጣሁ። ደብተር ይዤ፣ ችግር ሲሰማኝ ሰዓቱንና የመጨረሻዋን ማስቲካ መቼ እንዳኘክኩ እጽፋለሁ። ኒኮቲን ደም ውስጥ በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሰዓቱ ብዙ ይናገራል። ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ላብ፣ ስቅታ ማስቲካው አፌ ውስጥ እያለ ወይም ከተፋሁት ብዙም ሳይቆይ ከመጣ በዝቶብኛል፣ አለዚያም ቸኩያለሁ ማለት ነው። ብስጭት፣ መቁነጥነጥ፣ ሐሳብ መበተን፣ ርሃብ ርሃብ ማለት ከሁለት ሦስት ሰዓት ባዶ አፍ በኋላ ከመጣ ደግሞ አንሶኛል። ራስ ምታት በሁለቱም በኩል ይመጣል፤ እሱን ደብተሩ ነው የፈታልኝ። ያኔ ነው «የማስቲካው ጉዳት» ብዬ ከደረደርኳቸው ነገሮች ግማሹ የማኘኬ ስሕተት፣ ገሚሱ ሲጋራ የመተው ሕመም መሆኑ የገባኝ። ለማስቲካው የቀረለት ትንሽ ቃርና የተነቀለ ሙሌት ነው።

ሸርተት ብሎ አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ካለ፣ ማስቲካውን አትጣሉት። እኔ በመጀመሪያው ዙር የሠራሁት ስሕተት እሱ ነበር። ሐኪሙ የመከረኝ በዚያው ቀን ወደ ማስቲካው መመለስ እንጂ ሌላ ሰኞ መጠበቅ እንዳልሆነ ነው።

ስለ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሁለተኛው ወር አካባቢ ያኘክኳትን ማስቲካ ጠረጴዛ ላይ ባለ ሳህን ጠርዝ ለጥፌ ዞር አልኩ። ስመለስ የእህቴ ልጅ፣ የሁለት ዓመት ሕፃን፣ በጣቶቿ ይዛት ወደ አፏ እየወሰደች ነበር። ደረስኩባት። የታኘከ ማስቲካ ውስጥ ኒኮቲን ይቀራል፤ ለትልቅ ሰው ምንም የማይለው መጠን ትንሽ ልጅን ወይም ውሻን ክፉኛ ሊመርዝ ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያኘክኩትን በወረቀት ጠቅልዬ ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ነው የምጥለው፤ ፓኬቱንም ቁልፍ ባለው መሳቢያ አስገባሁት። ሕፃን ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዱት።

መቀነሱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። መመሪያው ከ7ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት በየሁለት እስከ አራት ሰዓቱ፣ ከ10ኛው እስከ 12ኛው በየአራት እስከ ስምንት ሰዓቱ ይልና በ12ኛው ይጨርሳል። እኔ አልጨረስኩም። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ከአምስተኛው ወር በኋላ ማስቲካ ስገዛ ፋርማሲ እየቀያየርኩ ነበር፤ ድሮ ሲጋራ ስደብቅ እንደነበረው። ሐኪሙ ይህን ስነግረው አልሳቀብኝም። ካንሰሩን የሚያመጣው ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ እንጂ ኒኮቲኑ እንዳልሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የኒኮቲን ምትክ ሕክምናን፣ ማለትም እንደ ማስቲካውና ተለጣፊው ያሉትን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ እንዳስገባው ነገረኝ። ዘግይቶ መተው ወደ ሲጋራ ከመመለስ ይሻላል አለኝ። ሱሱ ግን ሱስ ነው፤ ስለዚህ አብረን ዕቅድ አወጣን።

በመጀመሪያ ከባለ 4ቱ ወደ ባለ 2ቱ ወረድኩ። ቀጥሎ በየሳምንቱ አንዷን ስኳር በሌለው ተራ ማስቲካ ተካሁ። እጄ ወደ ኪሴ ሲገባ የሆነ ነገር ማግኘት ነበር የሚፈልገው፤ ምን እንደሆነ ብዙም ግድ አልነበረውም። ቀላሎቹን፣ ማለትም ዝም ብዬ ከልማድ የማኝካቸውን፣ አስቀድሜ ጣልኩ። ከምግብ በኋላ ያለችውንና የጠዋቷን እስከ መጨረሻ አቆየኋቸው። የጠዋቷን በየቀኑ አሥር ደቂቃ እያዘገየሁ እኩለ ቀን አደረስኳት፤ አንድ ቀን ረሳኋት።

ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ፣ ያቺው የድሮዋ አዳራሽ ውስጥ፣ ስቅታ ያዘኝ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ ጠጋ አለና «ማስቲካዋን እንደገና ጀመርካት እንዴ?» ብሎ ሹክ አለኝ። ውሃ ቸኩዬ ጠጥቼ ነበር።